ሁሉም ደህና የሆነበት ሙከራ

የምኖርበትን አገር ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ መጥታችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ ብትጠይቁን ደግሞ ደህና ነን ከማለት በቀር የምንላችሁ የለንም። ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል። በእኛ አገር «እንዴት ነህ?» የተባለ ሰው «ደህና» ይላል፤ በቃ። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ የአያ ሽበሺ ቤት ጣሪያው ወርዶ ተጭኗቸው ነበር። እኛ ከላይ ምሰሶ እያነሳን «አያ ሽበሺ፣ እንዴት ነዎት?» ስንል ከጭቃው ሥር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ ልጆቼ?» አሉን። እኛም ደህና መሆናችንን፣ ከብቶቹም ደህና መሆናቸውን ነግረናቸው መቆፈራችንን ቀጠልን።

እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ውሸታሞች ናቸው ይለናል። አይደለንም። ነገሩ ሕግ አለው። በእኛ ዘንድ የጠየቅኸው ሰው «ደህና አይደለሁም» ካለህ፣ የጠየቅኸው አንተ ነህና፣ የያዝከውን ሁሉ ጥለህ እስኪሻለው ድረስ አጠገቡ ትቀመጣለህ። «መቀመጥ» እንለዋለን። እርሻ አለብኝ፣ ቀጠሮ አለኝ ማለት አይቻልም። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን አንድ ሙሽራ ሚዜዎቹን አስከትሎ ወደ ሠርጉ ሲገሰግስ፣ መንገድ ዳር ያገኘውን ሰው በችኮላ «እንዴት ዋልክ?» አለው። ሰውዬው «ሆዴን ይቆርጠኛል» ብሎ መለሰ። ሙሽራው አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። ሙሽሪትን ሁለተኛው ሚዜ አገባት፤ ቁርጠቱ የለቀቀው ሰውዬም በሠርጉ ላይ ጥሩ አድርጎ ጨፍሯል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሕዝባችን ለሰው ማዘን ማለት «ደህና ነኝ» ማለት መሆኑን ተስማማ። እኔም ልጅ ሆኜ ጥርሴን ሲያመኝ እያለቀስኩ «ደህና ነኝ» ማለት ተምሬያለሁ።

ልሳኑ እባላለሁ። ሥራዬ መጠየቅ ነው። በከተማችን መካከል «የፈውስ መመዘኛ ቤት» የሚባል ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ማንኛውም መድኃኒት ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት እዚያ ይመዘናል። መዛኞቹ ፎቅ ላይ ይቀመጣሉ፤ እነሱ በሽተኛ አይጠይቁም። የምንጠይቀው እኛ ዘጠኙ ጠያቂዎች ነን፤ እኛ ደግሞ አንመዝንም። ጠዋት ጠዋት ከቤት ቤት እየዞርን «እንዴት አደራችሁ?» እንላለን፤ የሚሉንን እንጽፋለን፤ ቀትር ላይ ወረቀቱን አስረክበን ወደየቤታችን እንገባለን። ወረቀቱ ሁለት ሳጥን አለው፤ «ደህና» እና «በጣም ደህና»። ሦስተኛ ሳጥን ያልተሠራለት የሚጠቀምበት ሰው ተገኝቶ ስለማያውቅ ነው።

በአሥራ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ አንድም መድኃኒት ሲወድቅ አላየሁም። ጫማን አዙሮ ማጥለቅ ለወገብ ሕመም ተመዝኖ አልፏል። የዶሮ ላባ ትራስ ሥር ማድረግ ለሪህ አልፏል። ለሪህ ዝም ብሎ መተኛትም በሌላ ጊዜ ተመዝኖ እኩል ነጥብ ስላገኘ ሁለቱም ጸድቀዋል። እንዲህ ባለ ፈውስ ብዛት የሚስተካከለን አገር የለም። ይህን ሁሉ ፈውስ ይዘን ቀብራችን ለምን እንደሚበዛ ግን የጠየቀ የለም፤ እሱን መጠየቅ የማን ሥራ እንደሆነ አልተወሰነም።

ከሁለት ዓመት በፊት «የከሰዓቱ» የምንለው በሽታ ገባብን። ጠዋት ሰውዬው እንደማንም ነው፤ ይሠራል፣ ይስቃል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ያቃጥለዋል፤ ሲመሽ ይተወዋል። በማግስቱ በሰዓቱ ይመለሳል፤ ሰዓት አክባሪ በሽታ ነው። ሰው ቀስ በቀስ እያለቀ፣ ቀበቶው እየሰፋ ይሄዳል። እኛ ጠያቂዎች የምንዞረው ጠዋት ስለሆነ በሽታው አገር ውስጥ መኖሩ ለፈውስ መመዘኛ ቤት በይፋ አልደረሰም ነበር።

በዚህ መካከል ከወንዝ ማዶ አስካለች የምትባል መድኃኒት ቀማሚ መጣች። የእኛን ወግ አታውቅም። የሕንፃው ዘበኛ በር ላይ «እንዴት ነሽ እመቤት?» ቢላት «አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ልጦኛል» አለችው። ዘበኛው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀመጠ። በሩ ተቆልፎ ስለነበር ዋና መዛኙ አቶ ቢተዋና ጓዶቻቸው ሦስት ቀን በመስኮት ገቡ፣ በመስኮት ወጡ። አቶ ቢተዋ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ትዝ ሲለኝ እስካሁን ያስቀኛል።

አስካለች ያመጣችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በብብት የሚያዝ ቀጭን የመስታወት ዘንግ ነው፤ ሰውዬው ትኩሳት ካለው ዘንጉ ይቀላል፣ ከሌለው ቀለሙን አይለውጥም። መጀመሪያ እሱ ተመዘነ። በእሷ ጭቅጭቅ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ተብሎ፣ አንድ መቶ ሰው ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠ። ዘንጉ በስልሳ አራቱ ላይ ቀላ። መዛኞቹም ዘንጉ ያለውን ከእውነቱ ጋር ለማመሳከር እኛን ላኩን። ስልሳ አራቱም አግዳሚ ወንበሩ እስኪንቀጫቀጭ እየተንቀጠቀጡ «ደህና ነን» አሉ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም በጆሮዬ «ይሄ ሰው ያልተናገረውን የሚናገር ባለጌ ዕቃ ከየት መጣ?» አሉኝ። ውሳኔው በዚያው ዕለት ወጣ፤ ዘንጉ ከመቶ ጊዜ ስልሳ አራቱን ይዋሻል። መጥረጊያ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነበር። አስካለች ሁለት ዓይነት ጠርሙስ አቀረበች፤ ጥቁርና ነጭ። በአንደኛው መድኃኒቷ አለ፤ በሌላው በስኳርና በሎሚ የጣፈጠ ውሃ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በታሸገ ደብዳቤ ጽፋ ለአቶ ቢተዋ ሰጠች፤ ደብዳቤውም ሙከራው እስኪያልቅ እንዳይከፈት ሣጥን ገባ።

«ለምን ይደበቃል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሰው መድኃኒት ነው ካሉት ውሃም ጠጥቶ ልቡ ይድናል» አለችኝ። «እኔ ማየት የምፈልገው ሥጋው መዳኑን ነው።»

ብልህ ሴት ናት አልኩ በሆዴ። ሁለት መቶ ሰው ተመዘገበ፤ በዕጣ መቶው ጥቁር፣ መቶው ነጭ ደረሰው። የእኔን ክፍል ስም ዝርዝር ስቀበል ግን ሦስተኛው ስም ላይ ዓይኔ ተተከለ። ወይዘሮ ትደነቅያለሽ፤ ታላቅ እህቴ። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጆንያ ሰፍታ ነው ያሳደገችኝ። በዚያው ጠዋት ሮጬ ሄድኩ።

«እታለም፣ አሞሻል እንዴ?»

«ምን ያመኛል? ለአገር ይጠቅማል ሲሉ ሰምቼ ነው የተመዘገብኩት እንጂ ደህና ነኝ» አለችኝ። ጉንጯ ገባ ብሏል። የደረሳት ነጩ ጠርሙስ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ጠየቅኳት፤ በየጠዋቱ ደህና አለችኝ፤ በየጠዋቱ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። እህል ነጋዴዎች ግን እየመጡ ይነጫነጩባት ጀመር። ጠዋት የሰፋችው ጆንያ እንደ ብረት ነው፤ ከሰዓት የሰፋችው ግን መንገድ ላይ እየተተረተረ እህሉን ያፈስባቸዋል። እኔም ሰማሁ፤ እጇ ደክሟል፣ ዕድሜ ነው አልኩ። ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ላለማየት ምክንያት አያጣም፤ እኔ ደግሞ ላለማየት ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነበርኩ።

አንድ ነገር አልሸሽግም። ከዝርዝራችን ውስጥ የሚሞቱ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ለሞተ ሰው ቦታ የለም። ሳጥን ባዶ መተው ደግሞ ያስቀጣል። እኛም ቤተ ዘመዱን «እንዴት ሆነላችሁ?» ስንል «አሁንማ ዐረፈ፣ ሥቃይ የለ፣ ምን የለ» ይሉናል። ስለዚህ «በጣም ደህና» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እናደርጋለን። የመጀመሪያውን ሳደርግ እጄ ትንሽ ከብዶኝ ነበር። አምስተኛው ላይ አልከበደኝም።

ሙከራው አልቆ ውጤቱ የተነበበው ሐሙስ ዕለት ነው። አቶ ቢተዋ መነጽራቸውን አድርገው ተነሡ።

«ከጥቁር ጠርሙስ ጠጪዎች ዘጠና ስድስት ደህና፣ አራት በጣም ደህና። ከነጭ ጠርሙስ ጠጪዎች ሰባ ሦስት ደህና፣ ሃያ ሰባት በጣም ደህና። ነጩ በሰፊው አሸንፏል!»

ጭብጨባ ሆነ። ደብዳቤው ተከፍቶ ነጩ ስኳርና ሎሚ መሆኑ ሲነበብ ጭብጨባው በረታ፤ ሎሚ በየጓሯችን አለና።

አስካለች ወንበሯን ገልብጣ ተነሣች። «ሃያ ሰባቱ እኮ ሞተዋል!»

«ወረቀቱ ላይ ሞተ የሚል የለም» አሉ አቶ ቢተዋ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው እያዩ። በጨዋ ደንብ ነው ያዩላት፤ ጀርባውንም ገልብጠው አዩ። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም ነጭ ይሰጣል፤ የተረፈው ጥቁር መድኃኒት በበርሜሉ እንዳለ ሰኞ ከሰዓት ወንዝ ውስጥ ይደፋል።

እንግዲህ ልታዘቡኝ ትችላላችሁ፤ እኔ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። የእህቴ ጠርሙስ አሸንፏል። ስኳር ሆነ ምን ሆነ፣ ያሸነፈ አሸንፏል ብዬ የምሥራቹን ልነግራት ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ሰዓቱን ልብ አላልኩም። ዘጠኝ ተኩል ነበር።

እህቴ ሦስት ጋቢ ደራርባ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። መስፋት ካሉት ነው። ወስፌው ጆንያውን ይስታል፤ ጣቷን አይስትም። ጆንያው ላይ ደም ነበር። ጥርሷ ሲንገጫገጭ በር ላይ ሆኜ ይሰማኛል።

«እታለም፣ እንዴት ነሽ?»

«ደ-ደ-ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ግባ፣ ቁጭ በል። ምነው በዚህ ሰዓት?»

«ነጩ ጠርሙስ አሸነፈ» አልኩ። 

«እ-እንኳን ደስ ያለን» አለችኝ፤ ልትስቅልኝም ሞከረች።

ወጥቼ የአጥሩን እንጨት ይዤ ቆምኩ። በዘጠና ጠዋት ዘጠና ጊዜ «ደህና» ብዬ የጻፍኩት በዚህች እጄ ነው። በእሷ ስም አጠገብ ገና ያልተነካው ሳጥን «በጣም ደህና» የሚለው ብቻ መሆኑ ታወሰኝ።

ዓርብና ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልጠይቅ ዞርኩ። ከዘበኛው ቁልፍ ተውሼ ዘንጉን ከመጥረጊያዎቹ መካከል አውጥቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። የነጭ ጠርሙስ ቤቶች በራቸው ገርበብ ብሏል፤ ሰዎቹ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ ዘንጉ ይቀላል። ከጥቁር ጠርሙስ ጠጪዎች አንዱን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ አገኘሁት። ሌላዋ አሮጊት ናቸው፤ አውራ ዶሮ ሲያባርሩ ደርሼ ዘንጉን እስኪያዙልኝ ድረስ እኔም አብሬ አባረርኩ። የዘንጉ ቀለም ፍንክች አላለም። ይህን ለመመዘን ፎቅ ላይ መቀመጥ አያስፈልግም።

ቅዳሜ ሳይመሽ አቶ ቢተዋ ቢሮ ገባሁ። ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

«ጠየቅኻቸው?» አሉኝ።

«አልጠየቅኳቸውም ጌታዬ። አየኋቸው።»

«ማየት በእኛ አሠራር የለም። ምን አሉ?»

«ደህና ነን ነው የሚሉት።»

«ታዲያ?»

«ዘንጉ ግን ቀይ ነው የሚለው!»

«ዘንጉ ውሸታም ነው ተብሎ ተፈርዶበታል። የተፈረደበት ነገር ምስክር መሆን አይችልም።» ግንባራቸውን አሸት አሸት አደረጉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስማኝ ልሳኑ። እኔ ድንጋይ አይደለሁም። ከአንድ ሰው አፍ፣ በሦስት መዛኞች ፊት፣ ደህና አይደለሁም ወይም ደህና አይደለም የሚል ቃል ከወጣና ጸሐፊው ከጻፈው ሙከራው እንደገና ይታያል። ደንቡ እንደዚያ ይላል። እስከ ዛሬ ማንም አላደረገውም እንጂ ተጽፏል። ሰኞ በርሜሎቹ ከመደፋታቸው በፊት አምጣልኝ።»

አንድ ሰው። የማውቀው አንድ ሰው ነው። እሑድ ጠዋት እህቴ እግር ሥር ነበርኩ።

«አንዲት ቃል ናት እታለም። ብለሻት ትወጫለሽ።»

«ደህና ሆኜ ሳለ እንዴት እላለሁ?»

«ሐሙስ ዕለት አይቼሻለሁ!»

ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «ልሳኑ፣ እኔ ደህና አይደለሁም ብል አጠገቤ የሚቀመጠው ማን ነው?»

«እኔ፤ ጠያቂሽ እኔ ነኝ።»

«ሥራህስ? ልጆችህስ?»

«አልቀመጥማ! ለወጉ ያህል ትያለሽ፣ እኔ አልቀመጥም።»

«አሁን እህቱ ታማ ጥሏት ሄደ ልታስብለኝ ነው?» ተቆጣች። «እናታችን ስትሞት እጄን ይዛ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ልጁን አደራ ነው ያለችኝ። አስራ አራት ዓመቴ ነበር። ደህና አይደለሁም ብትለኝ ኖሮ እሷን ይዤ ስቀመጥ አንተን ማን ያጎርስህ ነበር? እኔ ሸክም እሆንብሃለሁ? አላደርገውም። መምጣቱን እመጣለሁ፤ የተከበሩ ሰዎች ጠርተውኝ አልቀርም።»

ምን ይባላል? በፍቅሯ ልትሞትብኝ ነው። ተናድጄም፣ አልቅሼም ወጣሁ።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። በርሜሎቹ ግቢው ውስጥ ጋሪ ላይ ተጭነዋል፤ ባለጋሪው በቅሎዎቹን ይዞ ይጠብቃል። አስካለች በርሜሎቹ ላይ ተቀምጣ አልወርድም ብላ በመስኮት ታየናለች። እህቴን ደግፌ አስገባኋት። ከፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወንበሩ ይርገበገብ ጀመር። ሦስቱ መዛኞች ይህን ላለማየት ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። ጸሐፊው፣ ጢማቸው ቀለም የነካካው ሽማግሌ፣ ብዕራቸውን ነከሩ።

ለወትሮው መዛኝ ባይጠይቅም አቶ ቢተዋ ራሳቸው ሊጠይቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ትደነቅያለሽ፣ እንዴት ዋሉ?»

የጸሐፊውን ብዕር አየሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደ-ደህና ነኝ» አለች እህቴ።

ተስፋዬ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ጸሐፊው ጻፉ። ውጪ ባለጋሪው በቅሎዎቹን ሲያስነሳ ተሰማኝ። እህቴ ግን ሰላምታ መመለስ አለባትና፣ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን አጓድላ አታውቅምና፣ ቀጠለች።

«እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ታላቅየዋ ልጅዎ ወለደች?»

«ወለደች፤ ወንድ ነው፣ ደህና ነው።»

«ወይዘሮ ደብሪቱስ እንዴት ናቸው? ከገበያ ካጣኋቸው ሁለት ቅዳሜ ሆነኝ። ሐሳብ ገብቶኛል።»

ወይዘሮ ደብሪቱ የአቶ ቢተዋ ባለቤት ናቸው። አቶ ቢተዋ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጋ አደረጉት። እንደገና ከፈቱ። መቼም ያንን ቃል በቀን መቶ ጊዜ የሚሉ ሰው ናቸው። አልወጣም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኔ ከዚያ በፊት ዓይናቸውን ያለ መነጽር አይቼው አላውቅም፤ ቀልቷል።

«ደብሪቱ . . . » አሉ። «ደብሪቱ ደህና አይደለችም። ነጩ ነው የደረሳት፤ ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስጠራት አትመልስልኝም።»

አንዱ መዛኝ በቀስታ «ከአንድ ሰው አፍ ነው የሚለው ደንቡ፤ ከበሽተኛ አፍ አይልም» አለ። ጸሐፊው ወረቀቱ ላይ ሳጥን ፈለጉ፣ አጡ፤ ከዚያ ማስመሪያቸውን አውጥተው አዲስ ሳጥን አሰመሩ። ሳጥኑ ጠማማ ወጣ።

የጠየቀችው እህቴ ናት። ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። ቆማ መሄድ የማትችል ሴት «ታዲያ ምን እንቆማለን? ቤትዎ ይውሰዱኝ፤ ልቀመጥላቸው» አለች። ይዤያት ልወጣ ብል እጄን ገፋችው። እኔ አልጠየቅሁምና አይመለከተኝም። አቶ ቢተዋ በአንድ በኩል፣ አስካለች ከጋሪው ዘልላ ወርዳ በሌላ በኩል ደግፈዋት ሄዱ። አስካለች በጉያዋ ሁለት ጥቁር ጠርሙስ ይዛለች። በርሜሎቹ ከጋሪው ወረዱ።

ሙከራው በዚያው ማታ እንደገና ታይቶ በማግስቱ ጥቁሩ ለሁሉም መታደል ጀመረ። የፈውስ መመዘኛ ቤትም አንድ ማስታወቂያ በር ላይ ለጠፈ፤ ከእንግዲህ ማንኛውም ሰው ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ «ደህና አይደለሁም» ማለት ይችላል ይላል። በመጀመሪያው ማክሰኞ ሰልፉ ገበያውን አልፎ ሄደ። ከተሰለፉት አንዳንዶቹ ምንም አላመማቸውም፤ ቃሉ አፍ ላይ እንዴት እንደሚል ለመሞከር ነው የመጡት። አያ ሽበሺም መጥተው ጣሪያው የተጫናቸው ዕለት ደህና እንዳልነበሩ አስመዘገቡ።

እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። አንድ ሰው የሚቀመጥበት ቤት መቀመጡ እስኪያበቃ ድረስ ከቤቱ ባለቤቶች በቀር ሌላ ሰው አይገባበትም። አስካለችም በዚያው አልወጣችም። አንድ ሳምንት ሆነ። ቢሮ ውስጥ አቶ ቢተዋን «እህቴ እንዴት ናት?» እላለሁ።

«ደህና ናት» ይሉኛል።

ይህ ምን ማለት ነው? ተነሥታለች? ተኝታለች? ወይስ እንደ እነዚያ ሃያ ሰባቱ ናት? የእሳቸው ዓይን መነጽር ውስጥ ተመልሶ ገብቷል። በማግስቱ «እውነት ደህና ናት?» አልኳቸው፤ «በጣም ደህና ናት» አሉኝ። ሄጄ ሽንት ቤት ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሌላ አገር ቢሆን ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል። ሁለተኛው ሳምንት አለፈ፤ ሦስተኛውም ገባ። ለመቃብሯ የሚሆን ቦታ በዓይኔ መርጬ ራሴን ሰድቤ ተመለስኩ።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ወጉን ረግጬ የአቶ ቢተዋን በር ገፋሁ። ማንም የለም። ውስጠኛው ክፍል ሁለት አልጋ ጎን ለጎን አለ፤ ሁለቱም ተነጥፈዋል። አንሶላው ተወጥሮ፣ ትራሱ ተስተካክሎ፣ ሰው እንዳልተኛበት ሆኖ። የእህቴ ሦስት ጋቢ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ።

«እመቤቴ፣ አሥር ጊዜ ነገርኩዎት! ወስፌው ከውስጥ ነው የሚገባው! እንዲህ አድርገው ሰፍተው ነጋዴ ሲሰድበኝ ልሰማ ነው?»

«አንቺ ደግሞ አሁንስ አበዛሽው!»

ሁለቱ ሴቶች ፀሐይ ላይ፣ የጆንያ ክምር ከበው ይጨቃጨቃሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከስተዋል እንጂ ቁጣቸው ሙሉ ነው። አስካለች ጫማዋን አውልቃ ግድግዳ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እህቴ እጅ ላይ ያለው ወስፌ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አየችኝ።

«ልሳኑ! ምን ሆነህ ነው አመድ የመሰልከው? ደህና ነህ?»

ደህና ነኝ የሚለው ቃል እስከ ጥርሴ መጣ። ዕድሜ ልኩን የለመደውን መንገድ ነው የመጣው። መለስኩት።

«አይደለሁም እታለም» አልኩ። «ትሞቺብኛለሽ ብዬ ሃያ አንድ ቀን አልተኛሁም። ደህና አይደለሁም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ሌላ ዞሩ። እህቴ ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰካችው።

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው» አለችኝ። «ገና አልተፈቀደም።»

ጆንያውን ከጭኗ ላይ አውርዳ መሬት ላይ አነጠፈችልኝ። እኔ ቁጭ ስል እሷም አጠገቤ ቁጭ አለች።